በመጀመሪያው ሳምንት የታመመች የሥጋ ጫጩት መከላከያዋ ምን ይሆናል? አንቲባዮቲክስ ይመልሰዋል?

ጥያቄው፦ «አዳማ አቅራቢያ 500 የሥጋ ጫጩቶች አስገብቼ ነበር። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ሆዳቸው እየተነፋ፣ እምብርታቸው እየረጠበ ይሞቱ ጀመር፤ በ7 ቀን ውስጥ 41 ሞቱ። በ4ኛው ቀን ኦክሲቴትራሳይክሊን በውኃ በጥብጬ መስጠት ስጀምር ሞቱ ቀስ በቀስ ቆመ። በ7ኛው ቀን መድኃኒቱን ሳላቋርጥ የጉምቦሮ (የዶሮ የቫይረስ በሽታ) ክትባት በመጠጥ ውኃ ሰጠኋቸው። በ4ኛው ሳምንት ግን ነጭ ተቅማጥ ይዟቸው ከ100 በላይ አለቁብኝ። መድኃኒት የሚሸጥልኝ ሰው ‹ባክቴሪያው መከላከያቸውን ስላጠፋው ነው፤ በሚቀጥለው ዙር ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ አንቲባዮቲክ ስጥ፣ አቅማቸውን ያጠነክረዋል› ብሎኛል። እውነት ነው?»

ምላሽ፦ ግማሹ እውነት ነው፤ ምክሩ ግን ስህተት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የሚይዝ የባክቴሪያ ሕመም የጫጩቷን መከላከያ በእርግጥ ይጎዳል። አንቲባዮቲክ ግን ባክቴሪያን ይገድላል ወይም እንዳይራባ ይገታል እንጂ በሽታ የመከላከል አቅም አይገነባም። ይህ ምክር በየመድኃኒት መደብሩ ስለሚደጋገምና ብዙ አርቢዎችን ገንዘብም ዶሮም ስላሳጣ፣ ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳዎት።

ጫጩት ከእንቁላሏ ስትወጣ መከላከያ አላት፤ የራሷ ግን አይደለም። እናቲቱ በታመመችባቸውና በተከተበችባቸው በሽታዎች ላይ ያመረተቻቸው ፀረ እንግዳ አካላት በአስኳሉ በኩል ይተላለፋሉ። አብዛኞቹ ወደ ጫጩቷ ደም የሚገቡት ከመፈልፈሏ በፊት ባሉት የመጨረሻ ቀናት ሲሆን፣ የቀሩት ደግሞ ከተፈለፈለች በኋላ ሆዷ ውስጥ ከሚቀረው አስኳል ይመጠጣሉ። 40 ግራም የምትመዝን የአንድ ቀን ጫጩት ሆዷ ውስጥ እስከ 8 ግራም የሚደርስ አስኳል ይዛ ትወለዳለች። ጤነኛ ከሆነች፣ ሙቀትና ምግብም ካገኘች፣ በ4 እና በ5 ቀን ውስጥ ይህን አስኳል ልትጨርሰው ምንም አይቀራትም። ከእናት የተገኘው ፀረ እንግዳ አካል በግምት በየ3 እና በየ4 ቀኑ በግማሽ እየቀነሰ ሄዶ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ያልቃል። እስከዚያ ድረስ ጫጩቷ የራሷን መገንባት አለባት።

የራሷ መከላከያ የሚገነባባቸው ዋና ዋና ቦታዎች ሁለት ናቸው። አንዱ አንገቷ ግራና ቀኝ ተደርድሮ የሚገኘው ታይመስ የተባለ እጢ ነው። ሌላው ከፊንጢጣዋ በላይ ከጀርባ በኩል የተቀመጠው ቡርሳ ነው። የቡርሳ ሥራ ለብዙ ዘመናት ሳይታወቅ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ ኦሃዮ ብሩስ ግሊክና ባልደረቦቹ ቡርሳቸው በጫጩትነታቸው የወጣላቸው ዶሮዎች ሳልሞኔላ ለተባለው ባክቴሪያ ፀረ እንግዳ አካል ማምረት እንዳቃታቸው አሳዩ። ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱት ሊምፎሳይት የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ተዘጋጅተው የሚወጡት ከዚህ አካል ነው፤ ወደ ጣፊያ፣ ወደ አንጀትና ወደ ሌሎች ቦታዎች በብዛት የሚሰማሩትም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። እንግዲህ የእርስዎ ጫጩቶች የታመሙት ይህ ሥራ ገና በተጀመረበት ወቅት ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሌላ ድክመትም አለ። በዶሮ ደም ውስጥ ባክቴሪያን ቀድመው ደርሰው የሚውጡት ሄትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። በአንድ ቀን ጫጩት ውስጥ እነዚህ ሕዋሳት ቢኖሩም የመዋጥና የመግደል ብቃታቸው ደካማ ነው፤ እየበረቱ የሚሄዱት ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ነው። የሁለት ሳምንት ጫጩት ያለ ብዙ ችግር የምትቋቋመው የሳልሞኔላ መጠን የአንድ ቀን ጫጩትን የሚገድለው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ዕድሜ ተይዛ ያልሞተችውም ቢሆን ባክቴሪያውን አንጀቷ ውስጥ ይዛ ለሳምንታት በኩሷ ስትረጭ ትቆያለች።

አሁን ወደ እርስዎ ጫጩቶች ልምጣ። የገለጹት የተነፋ ሆድና የረጠበ እምብርት የእምብርትና የአስኳል ከረጢት ብግነት ምልክት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያመጣው ኢ ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ነው፤ ኢንተሮኮከስ፣ ስታፊሎኮከስ፣ ፕሮቲየስና ሱዶሞናስም ያመጡታል። ከሞቱት አንዷን ከፍተው ቢሆን ኖሮ ያዩት የነበረው ይህን ነው፦ በ5ኛው ቀን መጥፋት የነበረበት አስኳል እንዳለ ተቀምጧል፤ ቢጫነቱ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቡናማ ተለውጧል፤ አንዳንዱ ውኃ ሆኗል፣ አንዳንዱ እንደ አይብ ረግቷል፤ የከረጢቱ የደም ሥሮች ደም ሞልተው ቀልተዋል፤ ሽታው ደግሞ አያስጠጋም። የዶሮ መግል ፈሳሽ ከመሆን ይልቅ የሚረጋው የሄትሮፊል ሕዋሳት የሰው ነጭ የደም ሕዋሳት መግልን የሚያቀልጡበት ኢንዛይም ስለሚጎድላቸው ነው። ይህም ለሕክምናው አንድ ትልቅ ነገር ይነግረናል። በዚህ የረጋ ክምር መሐል የተደበቀ ባክቴሪያ ዘንድ በውኃ የተሰጠ መድኃኒት በበቂ መጠን አይደርስም።

መከላከያው የሚጎዳው በብዙ መንገድ ነው። መጀመሪያ፣ የተበከለው አስኳል ስለማይመጠጥ ጫጩቷ ምግቡንም በውስጡ የቀረውንም ፀረ እንግዳ አካል ታጣለች። ቀጥሎ፣ እንደ ኢ ኮላይና ሳልሞኔላ ያሉ ባክቴሪያዎች ሲሞቱ ከግድግዳቸው የሚለቀቀው መርዝ በሰውነቷ ውስጥ ከባድ የብግነት ምላሽ ያስነሳል። የምግብ ፍላጎቷ ይጠፋል፤ ለዕድገት የታሰበው ጉልበትና ፕሮቲን ወደ ብግነቱ ይዞራል። ከሁሉም የሚከፋው ሦስተኛው ነው፦ ሕመሙ የሚያስነሳው የጭንቀት ሆርሞን፣ ኮርቲኮስቴሮን፣ በቡርሳና በታይመስ ውስጥ ያሉትን ሊምፎሳይቶች ይገድላል፤ እጢዎቹም ይኮማተራሉ። ኢ ኮላይ ሆን ተብሎ በተሰጣቸው ጫጩቶች ላይ በተደረጉ ጥናቶች በሁለቱም እጢዎች የሊምፎሳይት መመናመን ታይቷል። ደማቸው ሲመረመር ሄትሮፊል በዝቶ ሊምፎሳይት አንሶ ይገኛል። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለች ጫጩት ክትባት ቢሰጣትም ምላሿ ደካማ ይሆናል፤ ከመንጋው ውስጥ አንዷ በቂ መከላከያ ስታበጅ ሌላዋ ባዶዋን ትቀራለች። በሽታ የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው።

ይሁን እንጂ ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል። ቀላል ሕመም ያለባት ጫጩት ከዳነች እጢዎቿ በአመዛኙ ያገግማሉ። የሥጋ ዶሮ ግን የማገገሚያ ጊዜ የላትም። 40 ግራም ሆና ገብታ በ6 ሳምንት ከ2 ኪሎ በላይ መሆን የሚጠበቅባት ዶሮ በመጀመሪያው ሳምንት የተጎዳችውን ጉዳት አካክሳ ሳትጨርስ ነው ለገበያ የምትደርሰው። የመድኃኒት ሻጩ የዘነጋው ሌላ ልክም አለ። መከላከያን እስከ ወዲያኛው በማጥፋት የሚታወቁት በዋናነት ቫይረሶች ናቸው፤ ከእነሱም ቀዳሚው ራሱ ጉምቦሮ ነው። ከ3 ሳምንት በታች ያለች ጫጩት የእናቷ መከላከያ ሳይኖራት በጉምቦሮ ከተያዘች ምንም ምልክት ላታሳይ ትችላለች፤ ቡርሳዋ ግን ውስጥ ውስጡን ይወድማል። ከዚያ በኋላ ኢ ኮላይ እንደ ልቡ ይገባል። ስለዚህ በብዙ መንጋ የምናየው ባክቴሪያ ለቫይረሱ መንገድ ሲጠርግ ሳይሆን ቫይረሱ ለባክቴሪያው በር ሲከፍት ነው።

በ4ኛው ሳምንት የደረሰው ጉምቦሮ ሊሆን ይችላል። ዕድሜው ይስማማል፤ በሽታው ጎልቶ የሚታየው ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በአገራችንም ጉምቦሮ እ.ኤ.አ. በ2002 በቢሾፍቱ ታይቶ ከተዘገበ ወዲህ እንግዳ በሽታ አይደለም። ነጭ ተቅማጥ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። ሬሳ ሲከፈት በጭንና በደረት ጡንቻ ላይ የደም ነጠብጣብ፣ አብጦ በቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ የተሸፈነ ወይም የደማ ቡርሳ ከተገኘ ጉምቦሮ ነው ማለት ይቻላል። በልብና በጉበት ላይ ነጭ የረጋ ሽፋን ከተገኘ ኢ ኮላይ አለበት፤ አንጀቱ ደም የሞላ ከሆነ ኮክሲዲያ ወደተባለው የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ እንዞራለን። ሁለቱ ወይም ሦስቱ አብረው ሊገኙም ይችላሉ። አንድ ቀላል መለኪያ ልስጥዎ፦ የ3 እና የ4 ሳምንት ጤነኛ ዶሮ ቡርሳዋ ከጣፊያዋ ይበልጣል። ከበርካታ ሬሳዎች ቡርሳው ከጣፊያው አንሶ ከተገኘ መንጋው መከላከያው ተጎድቷል።

ጉምቦሮ ነበር እንበልና፣ ክትባቱ ለምን አልያዘም? ብዙ አርቢ «አንቲባዮቲክ ክትባቱን ገደለው» ይላል። ይህ ስህተት ነው፤ የጉምቦሮም የፈንግልም ክትባት ቫይረስ ስለሆነ ኦክሲቴትራሳይክሊን አይነካውም። አንቲባዮቲክ የሚገድለው ሕያው የባክቴሪያ ክትባትን ነው፤ ለምሳሌ የዶሮ ታይፎይድ ክትባትን። የእርስዎ ክትባት የከሸፈበትን ምክንያት ሌላ ቦታ ይፈልጉ። የታመመች ጫጩት በቂ ውኃ አትጠጣም፤ በመጠጥ ውኃ የሚሰጥ ክትባት ደግሞ የሚደርሰው ለጠጣችው ብቻ ነው። ውኃው ክሎሪን ካለበት ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል። እናቶቻቸው በደንብ የተከተቡ ከነበሩ ደግሞ በ7ኛው ቀን በጫጩቶቹ ደም ውስጥ ያለው የእናት ፀረ እንግዳ አካል ክትባቱን አክሽፎት ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ የታመመው ሰውነታቸው አለ። እኔ በአንድ ምክንያት ላይ አልፈርድም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሰጥቶ መተው፣ ያውም ለታመመ መንጋ፣ ለጉምቦሮ አይበቃም።

አሁን ወደ አንቲባዮቲኩ። «መድኃኒቱን ስሰጥ ሞቱ ቆመ» ብለዋል። የአስኳል ብግነት በባሕርዩ ከፍ ብሎ የሚገድለው በመጀመሪያዎቹ 5 እና 7 ቀናት ነው፤ ከዚያ በኋላ የተያዙት ስላለቁ መድኃኒት ቢሰጥም ባይሰጥም ሞቱ ይወርዳል። ስለዚህ በእርስዎ መንጋ ላይ መድኃኒቱ ሠርቷል ለማለት ማስረጃ የለም። ኦክሲቴትራሳይክሊን ከካልሲየም ጋር ስለሚጣበቅ በጠንካራ ውኃ ውስጥ ወይም ከወተት ጋር ሲሰጥ ኃይሉን ያጣል። ይህን መድኃኒት የተለማመደ ኢ ኮላይም በዓለም ዙሪያ እጅግ የተለመደ ነው።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ለመከላከል» መስጠት ደግሞ ጫጩቷን በቀጥታ ይጎዳታል። በተፈጥሮ ጫጩት ጠቃሚ የአንጀት ባክቴሪያዋን ከእናቷ ኩስ ታገኛለች፤ በማስፈልፈያ የተወለደችው ግን እናቷን አይታም አታውቅ። እ.ኤ.አ. በ1973 የፊንላንድ ተመራማሪዎች ኑርሚና ራንታላ የአዋቂ ዶሮ የአንጀት ይዘት የተሰጣቸው ጫጩቶች ሳልሞኔላን እንደሚቋቋሙ አሳይተዋል። እነዚያ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ለጎጂዎቹ ቦታ ከመንፈጋቸውም በላይ የአንጀቷን መከላከያ ያነቁታል። አንቲባዮቲክ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲሰጥ ሊሰፍሩ የነበሩትን ጠራርጎ ይወስዳቸዋል። (ይህን አንብበው የአዋቂ ዶሮ ኩስ በጥብጠው እንዳይሰጡ አደራ፤ ሳልሞኔላንና ኮክሲዲያን በእጅዎ ማስገባት ይሆናል።)

የካናዳዋ ኩቤክ ያየችውም ትምህርት ይሆናል። እዚያ ማስፈልፈያዎች ልክ የእርስዎን ዓይነት የአስኳል ብግነት ለመከላከል ሴፍቲዮፈር የተባለውን መድኃኒት ወደ እንቁላል ውስጥ ይወጉ ነበር። ለሰው ሕክምና እጅግ ከሚያስፈልጉት መድኃኒቶች ጋር የሚዛመድ ነው። በዶሮ ሥጋ ላይ ከተገኘው ሃይድልበርግ የተባለ የሳልሞኔላ ዓይነት 62 በመቶው መድኃኒቱን የተለማመደ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2005 ማስፈልፈያዎቹ በፈቃዳቸው ሲያቆሙ ወደ 7 በመቶ ወረደ፤ በሰዎች ላይ የሚታየውም አብሮ ቀነሰ። ከጊዜ በኋላ በከፊል መጠቀም ሲጀምሩ እንደገና ወደ 20 በመቶ ከፍ አለ። እኛ አገር ያለው ባክቴሪያም በዚሁ ሕግ ነው የሚሠራው፤ ዶሮዋ ላይ የተለማመደው ልጅዎን ሲያምም መድኃኒት አይሰማም።

አንቲባዮቲክ ፈጽሞ አይሰጥ ማለቴ አይደለም። የሞቱ ቁጥር ሲጨምር፣ ሬሳ ተከፍቶ ባክቴሪያ ሲጠረጠርና የእንስሳት ሐኪም ሲያዝ፣ በተቻለ መጠን ደግሞ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው በላቦራቶሪ ሲረጋገጥ ይሰጣል፤ በታዘዘው መጠንና ለታዘዘው ቀን ሁሉ። ኮሊስቲንን በራስዎ ፈቃድ አይንኩት፤ ለሰው የመጨረሻ ተስፋ ከሆኑት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ክሎራምፌኒኮል ለምግብ በሚውል እንስሳ ላይ ጨርሶ መግባት የለበትም። መድኃኒት የወሰደች ዶሮ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ቀን ሳያልቅ ለዕርድ አትቅረብ። ቫይታሚንን በተመለከተ፣ እጥረት ካለ ይጠቅማል፤ የተበከለ አስኳል ግን አያድንም።

ለሚቀጥለው ዙር ገንዘብዎን የሚያዋጣው ከመድኃኒቱ በፊት ያለው ሥራ ነው። ከ500 ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት 5 ገደማ ቢሞቱ የሚጠበቅ ነው፤ 41 መሞታቸው ችግሩ ከማስፈልፈያው ወይም ከማሞቂያው እንደጀመረ ይናገራል። ጫጩት ከመቀበልዎ በፊት ከየካርቶኑ ጥቂት ጥቂት እያነሱ በድምሩ 30 ያህሉን ገልብጠው እምብርታቸውን ይዩ። ደርቆ የተዘጋ መሆን አለበት፤ ጥቁር ቁልፍ የመሰለ ቅርፊት፣ የተንጠለጠለ ክር ወይም እርጥበት ያለባቸው ከበዙ ካርቶኑን አይረከቡ። እምብርት ሳይዘጋ የሚቀረው በማስፈልፈያው ውስጥ ሙቀቱና እርጥበቱ ሳይስተካከል ሲቀር ነው፤ ባክቴሪያው የሚገባው ደግሞ ኩስ ከነካው እንቁላልና ካልጸዳ ማሽን ነው። እናቶቻቸው ለጉምቦሮ መቼ እንደተከተቡ፣ በእንቁላል ወደ ጫጩት ለሚተላለፉት ለፑሎረምና ለማይኮፕላዝማ በሽታዎች ተመርምረው እንደሆነ ይጠይቁ። መልስ የማይሰጥ አቅራቢ ዘንድ ርካሽ ጫጩት መግዛት አይጠቅምም።

ቤቱን ጫጩቶቹ ከመምጣታቸው 24 ሰዓት ቀድመው ያሙቁ። በጫጩቷ ቁመት ላይ ከ32 እስከ 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን፤ ጉዝጓዙም ሊሞቅ ይገባል፤ አየሩ ሞቆ ወለሉ ቀዝቃዛ ከሆነ እግሯና ሆዷ ይበርዳል፤ የበረዳት ጫጩት አስኳሏን አትመጥም። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ አስቀድመው ይወስኑ፤ ከሰል ከተጠቀሙ ጭሱ መውጫ ይኑረው፣ አለበለዚያ እርስዎንም ጫጩቶቹንም ይገድላል። ምግብና ውኃ እንደገቡ ያግኙ፤ አንጀት ውስጥ የገባ ምግብ አስኳሉ ቶሎ እንዲመጠጥ ይረዳል። በማግስቱ የአንገታቸውን ሥር ሲዳስሱ የምግብ ቋታቸው ከሞላ ጎደል በሁሉም ላይ ሞልቶ ለስላሳ መሆን አለበት። ማጠጫውን በየቀኑ ይጠቡ። ጎንበስ ብለው በጫጩቶቹ ቁመት ሲተነፍሱ አሞኒያ ዓይንዎን ካቃጠለው የመተንፈሻ ቧንቧቸውን እየጎዳ ስለሆነ እርጥቡን ጉዝጓዝ ያውጡ፣ አየር ያስገቡ። ሻጋታ የነካው በቆሎ ወይም ፋጉሎ መከላከያቸውን ስለሚያዳክም አይስጡ።

ቁርጡ ምክሬ ይህ ነው፦ በሚቀጥለው ዙር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንቲባዮቲክ አይስጡ። ለዚያ ሊያወጡት የነበረውን ገንዘብ በተሻለ ጫጩትና በማሞቂያ ላይ ያውሉት። ሆዷ የተነፋና እምብርቷ የረጠበ ጫጩት ስለማትድን ወዲያው ከመንጋው ይለዩ፣ ሥቃይ ሳይበዛባት ትወገድ፤ ሬሳውንም ይቅበሩ ወይም ያቃጥሉ። የጉምቦሮ ክትባቱን ጊዜ የእናቶቹን የክትባት ታሪክ ያየ ሐኪም ይወስንልዎ፤ አንድ ጊዜ ሰጥተው አይተዉት። መንጋው ታሞ ከሆነ እስኪያገግም ማዘግየት ይሻላል ወይስ በአካባቢው ጉምቦሮ ስላለ መስጠት የሚለውም የእሱ ውሳኔ ነው። በውኃ ሲሰጡ ክሎሪን የሌለበት ውኃ ይጠቀሙ፣ በሊትር 2.5 ግራም ቅባት የወጣለት የወተት ዱቄት ይጨምሩ፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ሁሉም እንዲጠጡ አድርጉ።

ሞት ከተደገመ መድኃኒት ከመስጠትዎ በፊት ገና የሞቱ ወይም ሊሞቱ የተቃረቡ 5 ጫጩቶች በፕላስቲክ ከረጢት አሽገው፣ በበረዶ ላይ አድርገው በዚያው ቀን በአቅራቢያዎ ወዳለ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ይውሰዱ። በማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ ሆነው እስኪጠነክሩ አያቆዩዋቸው፤ መድኃኒት ከወሰደ ጫጩትም ባክቴሪያውን ማግኘት ያስቸግራል። ዕድሜያቸውን፣ ከየት እንደመጡ፣ የተሰጣቸውን ክትባትና በየቀኑ የሞቱትን ቁጥር በወረቀት ጽፈው አብረው ይላኩ።